በትንሹ ልጅ ልክ

ሰው ለዕረፍት የሚሄድበትን ቦታ ሲመርጥ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው በዓይኑ ነው። ሥዕሉ ያማረውን፥ ስሙ የገነነውን፥ ጎረቤት ደርሶበት ያወራለትን ይመርጣል። በዓይን የተመረጠው ቤት ግን የሚኖርበት በእግርና በሆድ፥ በእንቅልፍና በብርድ ነው። እንግዲህ አንድ ቤተ ሰብ ተሰብስቦ ለዕረፍት ሲነሣ ምርጫው በማን ልክ ሊሰፋ ይገባዋል? በከፋዩ ልክ ነውን? በጠንካራው ልክ ነውን? ወይስ ከሁሉ በሚያንሰው ልክ? እኔ ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ለአንድ ሳምንት የበረዶ ዕረፍት ቤትና የሕፃናት የስኪ ትምህርት ቤት ለመምረጥ ወላጆቼ አንድ ወር ሙሉ ሲመካከሩ በመስማት ነው።

በእናቴ ሥራ ምክንያት ቤተ ሰባችን በስዊስ አገር በጄኔቫ ከተማ ሁለት ዓመት መቀመጡንና ወደ አዲስ አበባ የተመለስነው በ2016 ዓ.ም. ክረምት መሆኑን የክፍል ጓደኞቼ ያውቃሉ። ከተመለስሁ ጀምሮ ስለ በረዶው የማይጠይቀኝ የለም። ስለዚህ የሁሉንም ጥያቄ ባንድነት በዚህ መጽሔት ለመመለስ አሰብሁ።

አስቀድሜ ስለ ነገሩ ጥቂት ልግለጽ። ስኪ ማለት በሁለት ረዣዥም ቀጫጭን ሰሌዳዎች ላይ ቆሞ በበረዶ ቁልቁለት መንሸራተት ነው። ሻሌ የሚባለውም ጣራው ሰፊና ተዳፋት፥ ግድግዳው ከእንጨት የሆነ የተራራ ቤት ነው። ጥንት የከብት እረኞች በበጋ ወራት አይብ እየሠሩ የሚቀመጡበት ጎጆ ነበረ፤ ዛሬ ግን ለዕረፍተኛ የሚከራየውም የተራራ ቤት በዚሁ ስም ይጠራል። እኛ በአማርኛ በረዶ ስንል ከዝናብ ጋር ቆርቆሮውን እየደበደበ የሚወርደውን ጠጣሩን እናስባለን፤ የአልፕስ ተራሮች በረዶ ግን እንደ ተነደፈ ጥጥ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል።

ብዙ ሰው የበረዶ አገር ሁሉ ከእኛ አገር ከፍ ያለ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስትገኝ፥ ስመ ጥሩ የሆነው የስዊስ የስኪ መንደር ዜርማት ግን 1,600 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዜርማት በላይ የቆመው ማተርሆርን የተባለው ተራራ ቁመቱ 4,478 ሜትር ሲሆን የእኛው ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ከምድር ወገብ መራቅ ነው። አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9ኛው ዲግሪ ላይ ስትገኝ የስዊስ አልፕስ ግን በ46ኛው አካባቢ ነው። ይህን ለአያቴ በነገርኋቸው ጊዜ «እንግዲያውስ ከፍታውን ለእኛ፥ ብርዱን ለእነሱ አካፍሎ ሰጥቶናል» ብለው ሣቁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልመለስ። በጄኔቫ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች በየካቲት ወር አንድ ሳምንት ይዘጋሉ፤ በዚያም ሳምንት ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ተራራ ይወጣል። በመጀመሪያው ዓመት እኛ አልሄድንም። አባቴ ወጪው ከበደባቸው፤ አያቴም «በረዶ የእኛ አይደለም፤ በማያውቁት ነገር መንሸራተት ምን ይባላል?» አሉ። አባቴ ግን በዚህ በሁለተኛው ነገር አልተስማሙም። ሮቤል ተክለማርያም የተባለ የአዲስ አበባ ተወላጅ በ1998 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006) በኢጣልያ በቶሪኖ ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ መወዳደሩን፥ ለክረምት ኦሊምፒክ የቀረበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሱ መሆኑን፥ ከአራት ዓመትም በኋላ በካናዳ በቫንኩቨር ዳግመኛ መሰለፉን ነገሩን። «በረዶ የማንም ርስት አይደለም» ሲሉ ደመደሙ።

በሁለተኛው ዓመት እንድንሄድ ያስወሰነን ግን ሮቤል ሳይሆን ታናሽ ወንድሜ ነው። ወንድሜ በዚያን ጊዜ አምስት ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤት ከገባ ስድስት ወር ቢሆነውም በክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረም ነበር። ፈረንሳይኛውን ይሰማል፤ የታዘዘውንም ይፈጽማል፤ አፉን ግን አይከፍትም። ቤት ሲገባ በአማርኛ እንደ ወፍ ይንጫጫል። አስተማሪቱ እናቴን አስጠርታ «ልጆቹ ከዕረፍት ሲመለሱ ሁሉም በረዶው ላይ ያደረገውን በየተራ ይናገራል፤ የእናንተ ልጅ ግን የሚናገረው ነገር እንኳ የለውም» አለቻት። እናቴ ያን ማታ እራት አልበሉም። በማግሥቱ ግን «በዚህ ዓመት እንሄዳለን፤ የምንሄደውም ለእርሱ ስንል ነው» ብለው ቈረጡ። ከዚህ በኋላ ምርጫው የሽርሽር ነገር መሆኑ ቀረ። ሕፃኑን ለማያውቃቸው ሰዎች፥ በማያውቀው ቁልቁለት ላይ መስጠት ስለ ሆነ በጥንቃቄ መደረግ ነበረበት።

አባቴ አንድ ደብተር አወጡና የሚመረመሩትን ነገሮች በየገጹ ጻፉ፤ ጸሓፊያቸውም እኔ ሆንሁ።

የመጀመሪያው ገጽ «ከፍታ» የሚል ነበር። በአሁኑ ዘመን የዓለም አየር እየሞቀ በመሄዱ በዝቅተኞቹ መንደሮች በረዶው አስተማማኝ አይደለም። ውኃ እየረጩ በረዶ የሚሠሩ መድፎች አሉ፤ ነገር ግን አየሩ ራሱ ካልበረደ የተረጨው ውኃ ውኃ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የመንደሩን ከፍታ ብቻ ሳይሆን ሕፃናቱ የሚማሩበትን ሜዳ ከፍታ መጠየቅ፥ ደግሞም ፊቱን ወደ ሰሜን የመለሰ ቁልቁለት በረዶውን ከፀሐይ ጠብቆ እንደሚያቆይ ማወቅ ያስፈልጋል። አባቴ መጀመሪያ ያሰቡት ኪራዩ ርካሽ የሆነ፥ ከፍታው ከ1,100 ሜትር በታች የሆነ መንደር ነበር። በዚህ ገጽ ምክንያት ተሰረዘ። በጉዟችን ዕለት በዚያ በኩል ስናልፍ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ላሞች ብቻ ሲቀሩት አየን።

ሁለተኛው ገጽ «መንገድና ቋንቋ» ነበር። አባቴ ቬንገን የምትባለውን መንደር እጅግ ወደዷት። ከፍታዋ 1,274 ሜትር ነው፤ መኪና አይገባባትም፤ ከሸለቆው የሚያወጣት ባቡር ብቻ ነው። ሕፃናት በጎዳናው ላይ ያለ ሥጋት ይጫወታሉ። ነገር ግን ከጄኔቫ ተነሥቶ ወደ እርሷ ለመድረስ በበርን፥ በኢንተርላክንና በላውተርብሩነን ባቡር መለወጥ ያስፈልጋል፤ አራት ሻንጣ፥ አንድ ሕፃንና አንዲት አሮጊት ይዞ ሦስት ጊዜ መውረድና መውጣት ማለት ነው። ከዚህም በላይ የአካባቢው ቋንቋ ጀርመንኛ ነው። እናቴ «በሚሰማው ቋንቋ ያልተናገረ ልጅ በማይሰማው ቋንቋ ይናገራል ብዬ አልወስደውም» አሉ። ቬንገንም ተሰረዘች።

የቀረችው በፈረንሳይኛ ተናጋሪው በቮ ካንቶን የምትገኘው ቪላር ናት። ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ከጄኔቫ በሌማን ሐይቅ ዳር በሎዛንና በሞንትሮ በኩል ታልፎ፥ ቤ ከምትባል ከተማ ላይ ጥርስ ባለው ሐዲድ ዳገቱን እየነከሰ የሚወጣ ባቡር ይወስዳል። የባቡሩ መስመር ከቪላር አልፎ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ እስካለው እስከ ብሬታይ ድረስ ይወጣል። ስለዚህ መንደሩ ላይ በረዶው ቢሳሳ እንኳ በባቡር ወደ ላይ መውጣት ይቻላል። በዚህ ሁሉም ተስማሙ።

ሦስተኛው ገጽ የትምህርት ቤቱ ነበር። በስዊስ የስኪ ትምህርት ቤቶች የሕፃናት ደረጃ በሦስት ቀለማት ይከፈላል፤ ሰማያዊ፥ ቀይና ጥቁር። በየቀለሙም ውስጥ ልዑል፥ ንጉሥና ኮከብ የሚባሉ እርከኖች አሉ። ጀማሪ ሕፃናት መጀመሪያ የሚቀመጡት በአጥር በተከለለ ሜዳ ነው። ወደ ላይ የሚያወጣቸው በበረዶው ላይ የተነጠፈ ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ነው። ቆሞ መቆየት ብቻ እንጂ ምንም ብልሃት አይጠይቅም። ዘንግ አይሰጣቸውም፤ የራስ ቁር ግን ያደርጋሉ። መጀመሪያ የሚማሩት የስኪዎቻቸውን ጫፍ ገጥመው ተረከዛቸውን በመክፈት ፍጥነታቸውን መግታት ነው። አስተማሪዎቹ ይህን «ፒዛ» ይሉታል፤ ቅርጹ የተቈረሰ ፒዛ ይመስላልና። ስኪዎቹ ጎን ለጎን ሲሆኑ ደግሞ «ጥብስ ድንች» ነው።

እናቴ ለሁለት ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጽፈው ላኩ። ወላጆች ሊጠቀሙበት ይችላሉና ጥያቄዎቹን እነሆ እጽፋለሁ። አንድ አስተማሪ ስንት ሕፃናት ይይዛል? በየትኛው ቋንቋ ያስተምራል? ሳምንቱን በሙሉ ያው አስተማሪ ነው ወይስ ይለዋወጣል? ለአምስት ዓመት ልጅ ግማሽ ቀን ይሻላል ወይስ ሙሉ ቀን? ልጁ ቢታመም ገንዘቡ ይመለሳል? ልጁ ቢያለቅስ ምን ታደርጋላችሁ?

ከሁለቱ አንደኛው የሚያምር መጽሔት ከብዙ ፎቶግራፍ ጋር ላከ፤ ስለ ልቅሶ ለተጠየቀውም «በእኛ ዘንድ ልጆች ሁሉ ደስተኞች ናቸው» ሲል መለሰ። ሁለተኛው ግን ፎቶግራፍ የሌለው አጭር ደብዳቤ ጻፈ። «የሚያለቅስ ልጅ በየሳምንቱ አለን። ረዳቷ ወደ ሙቅ ክፍል ወስዳ ትኩስ መጠጥ ትሰጠዋለች፤ ሲረጋጋ ይመለሳል፤ ካልተረጋጋ ስልክ እንደውላለን። ወላጆች ልጁን ካስረከቡ በኋላ ባጥሩ ላይ እንዳይቆሙ እንለምናለን፤ ልጁ እናንተን እያየ በረዶውን አያይም። ለአምስት ዓመት ጀማሪ ጠዋት ብቻ ይበቃዋል፤ ከሰዓት በኋላ የደከመ እግር አይማርም» ይላል። እናቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይኸኛው ልጅ ያውቃል» አሉና ወንድሜን ለጠዋት ብቻ፥ ዘጠኝ ዓመት የሆናትን እኅቴን ደግሞ ለሙሉ ቀን አስመዘገቡ።

የቀረው ቤቱ ነበር፤ ክርክሩም የከረረው በዚህ ጊዜ ነው። በቪላር ሁለት ሻሌዎች ለኪራይ ተገኙ። አንደኛው ከመንደሩ በላይ በጥድ መካከል ያለ ነው። መስኮቱ ግድግዳውን ያህላል፤ ዳን ዱ ሚዲ የሚባሉት ሾጣጣ ተራሮች ፊት ለፊት ይታያሉ፤ የምድጃ እሳትም አለው። አባቴ ሥዕሉን ባዩ ጊዜ ዝም አሉ። ሰው አጥብቆ ሲመኝ ዝም እንደሚል ያን ጊዜ አስተዋልሁ። ሁለተኛው በአንድ ዳቦ ቤት ጀርባ ያለ፥ ጣራው ዝቅ ያለ፥ መስኮቱ ጠባብ ቤት ነው። ያለው ጸጋ የስኪ ትምህርት ቤቱ ሕፃናት ከሚሰበሰቡበት ቦታ ጥቂት መቶ እርምጃ ብቻ መራቁ ነው።

አባቴ የላይኛው ቤት በአምስት እጅ አንዱን ያህል እንደሚረክስ አሳዩ። እናቴ ግን የኪራይ ውሉን ደቃቅ ጽሕፈት አነበቡ። በዚያ አገር ኪራይ ብዙ ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። በዋጋው ላይ የመጨረሻ ጽዳት፥ አንሶላና ፎጣ፥ ለመንደሩ የሚከፈል የእንግዳ ቀረጥ ለየብቻ ሊጨመር ይችላል፤ መያዣም ይጠየቃል። በላይኛው ቤት ይህ ሁሉ ለብቻው ሲቆጠር፥ በታችኛው ግን አብዛኛው በዋጋው ውስጥ ነበር። ቢደመር ልዩነቱ ከእራት ዋጋ አልበለጠም። እንዲያም ሆኖ አባቴ ዓይናቸውን ከሥዕሉ አላነሡም።

በዚህ ጊዜ አያቴ፥ እስከዚያ ድረስ ጥጥ ሲፈትሉ የነበሩት፥ «ልጄ፥ ከዚያ ዳገት ላይ ሕፃኑን ማን ይሸከመዋል?» ሲሉ ጠየቁ። አባቴም «እኔ እሸከመዋለሁ፥ እማማ» አሉ። «ጫማውንስ? ያንን እንጨቱንስ? ትልቂቱንስ ማን ይዟት ይወርዳል? ሲያለቅስ ቢደወልስ ምን ጊዜ ይደረሳል?» አሉ አያቴ። አባቴ ጥቂት አሰቡና ሥዕሉን በደብተሩ ውስጥ አጠፉት። «ቤቱን ለእግሩ እንከራይ» አሉ። ማንም አላሸነፋቸውም፤ ራሳቸው ተውት። ይህን የጻፍሁት ከሁሉ ይልቅ እንዲታወቅልኝ ስለምፈልግ ነው።

ከሆቴል ይልቅ ሻሌ የመረጥንበት ምክንያትም ማድ ቤቱ ነበር። አያቴ ረቡዕና ዓርብ ስለሚጾሙ የሆቴል ምግብ አይሆናቸውም። ሽሮና በርበሬ ከጄኔቫ ይዘን ሄድን። የስዊሶች ፎንዲው የሚባለውን የቀለጠ አይብ ግን ማክሰኞ ማታ ቀመሱና «ክፉ አይደለም፤ ሚጥሚጣ ቢያገኝ ሰው ይሆናል» አሉ።

በበረዶው ላይ የመጀመሪያው ጠዋት አስቸጋሪ ነበር። ሕፃን ለስኪ ማልበስ እንደ ወታደር ማስታጠቅ ነው፤ ጓንቱ ከገባ በኋላ ሽንት ቤት ይላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ወንድሜን አስረከብነው። አለቀሰ። እናቴ እንደ ተባሉት ዞር አሉ፤ ከዳቦ ቤቱ ማዕዘን አልፈው ግን መሄድ አልቻሉም። አልተደወለም። በሁለተኛው ቀን አለቀሰ፤ ግን አጠረ። እኔም በአዋቂ ጀማሪዎች ክፍል ስወድቅና ስነሣ ዋልሁ።

በሦስተኛው ቀን የሆነውን የነገረችን አስተማሪቱ ናት። ወንድሜ በምንጣፉ ጫፍ ቆሞ ቁልቁል እያየ ለራሱ በሹክሹክታ አንድ ቃል ይደጋግማል። ጐንበስ ብላ ምን እንደሚል ጠየቀችው። «ቀስ» አላት። አያቴ ዘወትር ጠዋት ሲሸኙት «ቀስ በል ልጄ» ይሉት ነበርና። ምን ማለት እንደ ሆነ ብትጠይቀው፥ ያ በክፍል ውስጥ ስድስት ወር ዝም ያለ ልጅ በፈረንሳይኛ «በዝግታ ማለት ነው» ሲል መለሰላት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አስተማሪቱ «ፒዛ» ማለትን ትታ «ቀስ!» ትል ጀመር፤ ስድስቱም ሕፃናት «ቀስ! ቀስ!» እያሉ ተንሸራተው ወረዱ። አያቴ በጠባቡ መስኮት በኩል ድምፁን ሰሙ። ከላይኛው ቤት ቢሆን ኖሮ ተራራውን ያዩ ነበር፤ ይህን ግን አይሰሙም ነበር።

በሳምንቱ መጨረሻ ሕፃናቱ ትንሽ ውድድር አደረጉ። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ወድቆ ከመጨረሻዎቹ ጋር ደረሰ፤ እንደ ሁሉም ሜዳይ ተሰጠው። እኅቴ የሰማያዊውን ልዑል እርከን አለፈች። አባቴም ከምኞታቸው ፈጽሞ አልተለዩም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በባቡሩ ወደ ብሬታይ ወጣንና ሰማዩ ጠርቶ ስለ ነበረ ሞንብላንን በሩቁ አሳዩኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመው ተመለከቱ። «ለአንድ ሰዓት ይበቃኛል» አሉ።

ወንድሜ ከዕረፍት ሲመለስ በክፍሉ ፊት ብዙ ንግግር አደረገ ብዬ አላጋንንም። የተናገረው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ወደቅሁ። ሁሉንም ቀስ ማለት አስተማርኋቸው።» ለእናቴ ግን ይህ በቂያቸው ነበር።

ውድ ጓደኞቼ፤ ከመካከላችን በረዶ የሚያይ ጥቂት ሊሆን ይችላል። ላንጋኖ የሚሄድ፥ ለበዓል ወደ ዘመድ አገር የሚጓዝ፥ ነገም የራሱን ልጅ ለትምህርት ቤት የሚያስመዘግብ ግን ሁላችንም ነን። በዚያን ጊዜ የቤቱን መስኮት ከማየታችን በፊት ከመካከላችን ከሁሉ የሚያንሰው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ ሕፃን ሊሆን ይችላል፤ አሮጊት ወይም ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል። ጠንካራው በደካማው ልክ በተሰፋ ዕረፍት ውስጥ ጥቂት ይጠበዋል እንጂ ይኖርበታል፤ ደካማው ግን በጠንካራው ልክ በተሰፋው ውስጥ ይጠፋል። ትምህርት ቤትም ስንመርጥ ደስታን ብቻ የሚያወራውን ትተን ስለ ልቅሶ እውነቱን የሚነግረንን እንመን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አባቶቻችን፤ በስኪም ቢሆን እንደሚሄድ እኔ ምስክር ነኝ።